የተተረተረ ክር፤ ከሸማኔው ጉድጓድ እስከ ኤሌክትሮኒክ ገበታ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ወደ ወለጋ የሚያመራው ጎዳና በሚገነጠልበት ስፍራ የተቆረቆረችው ቡሬ በበርበሬዋና በገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። በዚችው ከተማና በዙሪያዋ ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር አንድ ጋቢ ከሸማኔው እጅ ከወጣ በኋላ የሚያሳልፈውን ዕድሜ የተከታተለ ሰው፣ ልብስ በቀላሉ የማይሞት ነገር መሆኑን ይረዳል። ጋቢው አዲስ ሳለ የክት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ይሳለምበታል፣ ሠርግ ይታደምበታል። ሲከርም የዘወትር ይሆናል። መኻሉ ሲሳሳ ደህናው ወገን ተቀዶ ለሕፃን መጠቅለያ ይውላል። ከዚያ የተረፈው እራፊ ለድሪቶ መጣፊያ፣ ለምጣድ ማሰሻ፣ ለኩራዝ ክር ይሆናል፤ የመጨረሻውን ቁራጭ ደግሞ እረኛው በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ጠቅጥቆ የጨርቅ ኳስ ያበጅበታል።

በዘመናችን በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ የንድፍ ባለሙያዎች አሮጌ ጨርቅን ለላቀ አገልግሎት መልሶ የመሥራትን ጥበብ ከኤሌክትሮኒክስ ጋር አጋብተው፣ ሲነኩት የሚመልስ፣ ሲቀርቡት የሚበራ ወይም ድምፅ የሚሰጥ ልብስና ጌጥ በመሥራት ላይ ይገኛሉ። ይህ ሙያ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ለእኛ ፍጹም እንግዳ የሆነ ነገር ተደርጎ ሲታይ ይስተዋላል። ነገር ግን ሥሩ ሲመረመር በሁለት ጥንታዊ ተግባሮች ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም አንደኛው መተርተር፣ ሁለተኛው መቁጠር ነው። ሁለቱም በአገራችን ረዥም ታሪክ አላቸው። ታሪኩን ማወቁም ለጌጥ ያህል ብቻ የሚፈለግ ሳይሆን፣ አዲሱ ሥራ የሚመዘንበትን ሚዛን ስለሚሰጥ ነው።

መተርተር

በጎጃም ደጋ ልብስ ለምን ይህን ያህል እንደሚከበር ለመረዳት የአመጣጡን ድካም ማሰብ ይበቃል። በአካባቢው የሚረባው የዋሸራ በግ ፀጉሩ አጭር በመሆኑ፣ እንደ መንዝ በግ ለባና መሥሪያ የሚሆን ፀጉር አይሰጥም። ስለዚህ የደገኛው ልብስ የጥጥ ልብስ ነው፤ ጥጡ ደግሞ በደጋ ስለማይበቅል ከዓባይ ሸለቆና ከመተከል ቆላ ወደ ገበያ ይወጣ ነበር። ሴቶች ፍሬውን በመዳመጫ ለይተው፣ በደጋን ነድፈው፣ ባዘቶውን በእንዝርት እየፈተሉ ልቃቂቱን ሲያከማቹ ወራት ያልፋሉ። አንድ ጋቢ አራት ድርብ ነው። ይህን ያህል ልፋት የጠየቀ ክር እንዲሁ ሊጣል አይችልም።

የመተርተር ጥበብ ይበልጥ ጎልቶ የታየው በቀለም ጉዳይ ነው። የአገር ቤት ጥጥ ነጭ ነው፤ ለጥለቱ የሚፈለገው ደማቅ ቀይና ሰማያዊ ክር ግን እንደ ልብ አይገኝም ነበር። በአሥራ ስምንተኛውና በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ኢትዮጵያን የጎበኙ ተጓዦች እንደ ጻፉት፣ ከሕንድ ተጭኖ በቀይ ባሕር በኩል የሚገባው ቀለም የተነከረ ጨርቅ በብዛት የሚገዛው እንዳለ ለመልበስ አልነበረም። ሸማኔው ይተረትረው ነበር፤ ክሩን አንድ በአንድ አውጥቶ፣ እንደገና አጠንጥኖ፣ በነጩ ሸማ ጠርዝ ላይ ጥለት አድርጎ ይሸምነው ነበር። የባለሥልጣኑም ሆነ የባለጸጋው የክብር ልብስ መለያ የሆነው ቀይ ጥለት፣ ብዙ ጊዜ የፈረሰ ጨርቅ ሁለተኛ ሕይወት ነበር ማለት ነው።

ሌላው ምስክር በገዳማትና በአድባራት ዕቃ ቤት ይገኛል። የብራና መጽሐፍ ሁለቱ የእንጨት ገበታዎች በቆዳ ሲለበጡ፣ በውስጠኛው ገጽ በኩል በቆዳው እጥፋት መካከል አራት ማዕዘን ክፍት ቦታ ይቀራል። ደጓሾቹ በዚህ ክፍት ቦታ ላይ ከውጭ የመጣ የሐር ወይም የጥጥ ጨርቅ ቁራጭ ይለጥፉበት ነበር። ከሕንድ፣ ከአውሮፓና ከሌላውም አገር የመጣ፣ አበባና ሐረግ ያለበት ቁራጭ በዚህ መንገድ ከብርሃንና ከአቧራ ተጠብቆ ለዘመናት ኖረ። ልብሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ያላገኘውን ዕድሜ፣ እራፊ ሆኖ በመጽሐፍ ውስጥ አገኘው።

በዚህ ላይ አንድ ተቃርኖ ልብ ሊባል ይገባዋል። እራፊ በመጽሐፍ ገበታ ላይ ሲለጠፍ ክብር ሲሆን፣ በድሀ ትከሻ ላይ ሲጣፍ ድሪቶ ተብሎ መናቂያ ሆኗል። የእጁ ሥራ አንድ ዐይነት ነው፤ የተለየው የባለቤቱ ደረጃ ነው። ይህ ፍርድ ወደ ኋላ የሚነሣውን የሸማኔውን ዕጣ ለመረዳት ይረዳል።

መቁጠር

ሁለተኛው ተግባር መቁጠር ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ሲቀመጥ፣ በፊቱ የተዘረጋው ድር በሁለት ወገን ተከፍሏል። አንዱን ሲረግጥ አንዱ ወገን ይነሣል፣ ሌላው ይወርዳል፤ በመካከል በተከፈተው መንገድ መወርወሪያው ማጉን ይዞ ያልፋል። እያንዳንዱ የድር ክር በእያንዳንዱ ውርወራ ያለው ዕድል ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ከማጉ በላይ ነው፣ ወይ ከማጉ በታች። ጥለት ሲሸመን ሸማኔው የሚነሡትንና የሚተኙትን ክሮች በቃሉ ይቆጥራል። ንድፉ በወረቀት የለም፤ በጣቱና በልቡ ነው ያለው። የኮምፒዩተር ሥራ ሁሉ መሠረት የሆነው የአንድና የዜሮ ቁጥር ከዚህ የተለየ አሳብ አይደለም።

ይህ አቈጣጠር በአገራችን ምን ያህል ርቆ እንደ ሄደ የሚያሳዩት የጎንደር ዘመን ታላላቅ የሐር መጋረጃዎች ናቸው። ከመካከላቸው እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ተወስዶ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው ሦስት ክፍል ያለው መጋረጃ፣ ቁመቱ ከ5 ሜትር በላይ ነው። ሌላ አንድ ክፍል በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ በሚገኘው በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ተቀምጧል። እነዚህ መጋረጃዎች የተሠሩት በተራው መሸመኛ ሳይሆን፣ በየማዕዘናቸው ቀዳዳ ባላቸው ትንንሽ ጠፍጣፋ ገበታዎች ነው። በእያንዳንዱ ገበታ ቀዳዳዎች ክር ይገባል፤ ገበታው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሲዞር ወደ ላይ የሚወጣው ቀለም ይለወጣል። ለአንድ ክፍል በመቶ የሚቈጠሩ ገበታዎች በሥርዓት መዞር ነበረባቸው። ሸማኔዎቹ በዚህ ስልት የሰው ምስልና መስቀል ሳይቀር በሐር አወጡ። ስማቸው ግን አልተጻፈም።

በአውሮፓ ይኸው አሳብ ሌላ መንገድ ያዘ። በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ጆሴፍ ማሪ ጃካርድ ከእርሱ በፊት የነበሩትን ሰዎች ሙከራ አዋሕዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1804 በተበሳ ካርድ የሚመራ መሸመኛ አቀረበ። በካርዱ ላይ ቀዳዳ ባለበት ክሩ ይነሣል፤ በሌለበት ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1839 የጃካርድ ምስል ራሱ 24,000 ያህል ካርዶች በሚመሩት መሸመኛ በሐር ተሸመነ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ ከዚህ ምስል አንዱን ገዝቶ በቤቱ ያኖር ነበር፤ ያቀደው የስሌት ማሽንም ትእዛዙን የሚቀበለው በእነዚሁ በመሰሉ የተበሱ ካርዶች እንዲሆን አሰበ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1890 የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ውጤት በሄርማን ሆለሪዝ የካርድ ማሽኖች ተጠናቀረ። ከመሸመኛ የወጣው ካርድ በኮምፒዩተር ቤት እስከ ሃያኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አካባቢ ሲሠራበት ኖሯል።

ሽመናና ኮምፒዩተር የተገናኙት በካርድ ብቻም አይደለም። ሰውን ወደ ጨረቃ የወሰደው የአፖሎ መንኰራኩር ኮምፒዩተር ማስታወሻው የተሠራው ቀጭን ሽቦ በእጅ በመሸመን ነበር። ሽቦው በትንሿ የመግነጢስ ቀለበት ውስጥ ካለፈ አንድ፣ በውጭ ካለፈ ዜሮ ይሆናል። በማሳቹሴትስ ግዛት በዋልተም ከተማ ይህን የሠሩት በጥንቃቄያቸው የተመረጡ ሴቶች ነበሩ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአገራችን ብሂል እንዲህ ያለውን ድር ለማሰብ ባይነገርም፣ አለቦታው የገባ አይሆንም።

በአንድ ግቢ፣ በሁለት ክፍል

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ መተርተርንና መቁጠርን ይህን ያህል የሚያውቅ አገር፣ ከሸማኔው ጉድጓድ ወደ ማሽኑ ቤት የሚያደርስ መንገድ ለምን ሳያበጅ ቀረ? አንደኛው ምክንያት ንቀት ነው። በጎጃምና በጎንደር ሽመናን በብዛት ይዘው የቆዩት መሬት በማግኘት ረገድ የተገፉ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። መፍተል የእመቤትም ሥራ ሲሆን፣ መሸመን ግን «ቁጢት በጣሽ» የሚያሰኝ ስድብ ያስከትል ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከለከሉ። ዐዋጁ ስድቡን አስነወረ እንጂ በአንድ ጊዜ አላጠፋውም። የተናቀ ሰው ያለው ዕውቀት ደግሞ ለመጻፍ የሚበቃ መስሎ አይታይም፤ ስለዚህ አባት ለልጁ በጣት ካሳየው በቀር የጥለቱ ቁጥር ሳይመዘገብ ቀረ።

ሁለተኛው ምክንያት ዘመናዊው ፋብሪካና ትምህርት ቤት ከሸማኔው ጎን ተሻግሮ መቆሙ ነው። በጣልያን የጦር ካሳ የተሠራው የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 ሥራ ጀመረ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተከፈተ። በዚህ ኢንስቲትዩት ከሚሰጡት ሙያዎች መካከል የጨርቃ ጨርቅና የኤሌክትሪክ ቴክኖሎጂ ይገኙበት ነበር። ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ግቢ፣ በሁለት ክፍል ተቀመጡ። የጨርቃ ጨርቁ ትምህርት አድጎ ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኗል። ከቡሬ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ክርና የኤሌክትሪክ ሽቦ ከስድሳ ዓመት በላይ ጎረቤት ሆነው ኖረዋል።

በዚህ መካከል የገጠሩ ሰው በያዘው መሣሪያ የራሱን መንገድ መቀጠሉ አልቀረም። በጎጃም ገበያዎች ልብስ ሰፊዎች ሲንጀራቸውን በእግራቸው እየመቱ በአረንጓዴው ቁምጣና ኮት ላይ በቀለማት የሚደረድሩት የስፌት መስመር ለአካባቢው ገበሬ መታወቂያው ሆኗል። ሴቶችም አሮጌ ሹራብ ተርትረው ክሩን ለጥልፍና ለስፌት ያውላሉ። ከውጭ የገባ መሣሪያም ሆነ ያረጀ ልብስ በእጃቸው ሲወድቅ ወደ ራሳቸው ንድፍ ይመለሳል።

መርፌውና ሽቦው

ክርና ኤሌክትሮኒክስ በአንድ እጅ ላይ የተገናኙበትን ዝነኛ የአገራችን ምሳሌ ለማግኘት ወደ አዲስ አበባ መሻገር ያሻል። ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ እ.ኤ.አ. በ1968 በአዲስ አበባ ተወለደ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1990 ተመረቀ። ቀደም ባሉት ሥራዎቹ በቀለም ፈንታ ክርን ይዞ በሸራ ላይ በመርፌ እየሰፋ፣ የተጣሉ ቁልፎችንና ቆርኪዎችን እየሰበሰበ ሥዕል ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በካሊፎርኒያ በሳንታ ሞኒካ የጥበብ ሙዚየም ሥራዎቹ የቀረቡበት ትርኢት ርእሱን ያገኘው ከመርፌ ዐይንና ከልብ ዐይን ነበር።

ከዚያ በኋላ ኤልያስ ከመርካቶ ወደሚገኙ የተጣሉ ኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች ፊቱን መለሰ። የኮምፒዩተር ገበታዎችን፣ የተሰበሩ ፊደል መምቻዎችንና በልዩ ልዩ ቀለም የተለበጡ ሽቦዎችን ሰብስቦ፣ ሽቦውን እንደ ፈትል እየጎነጎነ በእንጨት ሰሌዳ ላይ በሚስማር ያያይዘዋል። በሩቁ ሲታይ የተጠለፈ ጨርቅ ወይም ከሰማይ የታየ የእርሻ ማሳ ይመስላል፤ ሲቀርቡት የሽቦና የገበታ ክምችት ሆኖ ይገኛል። ከእነዚህ ሥራዎቹ ብዙዎቹ በገመድ ላይ መራመድን በሚያመለክት የጋራ ርእስ የሚጠሩ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በኒው ዮርክ ግዛት በሃሚልተን ኮሌጅ ዌሊን ሙዚየም በሰፊው ታይተዋል። በዚያው ዓመት ከመስከረም አሰጌድ ጋር የመሠረተው የዞማ ሙዚየም በአዲስ አበባ ተከፈተ።

የኤልያስ ሥራ ሲነኩት የሚመልስ መሣሪያ አይደለም፤ በሰሌዳው ላይ ያሉት ገበታዎች ኤሌክትሪክ አይሄድባቸውም። ነገር ግን ከአሮጌው ሸማኔ ጋር የሚያስተሳስረው ተግባር አንድ ነው። ሸማኔው ከሕንድ የመጣውን ጨርቅ ተርትሮ ለራሱ ጥለት እንዳዋለው ሁሉ፣ ኤልያስም ከሩቅ ፋብሪካ መጥቶ አገልግሎቱን የጨረሰውን ማሽን ተርትሮ ለራሱ ንድፍ አዋለው።

ሲነኩት የሚመልሰው ጨርቅ በበኩሉ በሌላ አገር ተስፋፍቷል። አሜሪካዊቷ ሊያ ብዩክሊ የነደፈችው ሊሊፓድ የተባለ ክብ የኤሌክትሮኒክ ገበታ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ቀረበ። በዙሪያው ባሉት ቀዳዳዎች ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ክር በመርፌ እየገባ ከጨርቅ ጋር ይሰፋል፤ ብየዳ አያሻውም። መርፌ መያዝ የሚችል ሰው መብራትን፣ ድምፅንና መዳሰሻን በልብስ ላይ ሊያገናኝ ይችላል። ይህ ገበታ ባለ ቀዳዳ መሆኑ የጎንደርን የሐር ሸማኔዎች መሣሪያ ለሚያስታውስ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

የሚመዘንበት ሚዛን

ታሪኩ ለዛሬው የሙያ ባልደረባ ሁለት ሚዛን ትቶለታል። የመጀመሪያው በመተርተር የተገኘ ነው፤ ይኸውም አንድ ሥራ ሲያረጅ ሊፈታ ይችላል ወይ የሚል ጥያቄ ነው። ጋቢው ለዘመናት ያገለገለው ክሩ ከክር ብቻ የተገናኘ ስለሆነ ነው። ባትሪና ሽቦ በሙጫ የተጣበቀበት ልብስ ግን ሊታጠብ አይችልም፣ ሲያልቅም ጨርቁ ለማሰሻ፣ ብረቱ ለብረት አይሆንም። ሁለት ጠቃሚ ነገሮች ተጋብተው አንድ የማይጠቅም ቆሻሻ ይወልዳሉ። አሮጌ ጨርቅ ተጠቀምኩ ብሎ ለዘለዓለም የማይፈታ አዲስ ቆሻሻ የሚፈጥር ንድፍ፣ በቡሬ ባልትና ሚዛን ቀሎ ይገኛል። በስፌት የተያያዘ፣ ገበታው ተነቅሎ ለሌላ ልብስ የሚሆን ሥራ ግን በዚህ ሚዛን ያልፋል።

ሁለተኛው ሚዛን በመቁጠር የተገኘ ነው፤ የቁጥሩ ባለቤት ተመዝግቧል ወይ የሚል ነው። ባለፉት ዓመታት የሐበሻ ጥበብን መልክ በፋብሪካ አትሞ የሚያቀርብ ርካሽ ጨርቅ ከውጭ እየገባ የሸማኔዎችን ገበያ ሲሻማ ታይቷል። ኮምፒዩተር የጥለቱን መልክ ከፎቶግራፍ ላይ በቅጽበት ይወስዳል፤ ለሸማኔው የሚደርሰው ግን የለም። የጎንደር የሐር ሸማኔዎች ስም እንደ ጠፋ የዛሬዎቹም ከጠፋ፣ ምክንያቱ የመሣሪያ ማነስ አይሆንም።

ምዝገባ ሲባልም ምን እንደሚመዘገብ መጠንቀቅ ያሻል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ ተፈላጊው ጽሑፉ ነበር፤ ፊልሙም ባብዛኛው ጥቁርና ነጭ ስለ ነበር በገበታው ውስጥ የተለጠፈው ጨርቅ ቀለሙ አልተያዘም። በኋላ ማይክል ገርቨርስና ኤቫ ባሊትስካ ቪታኮቭስካ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት «መዝገበ ሥዕላት» የተባለ የዲጂታል ክምችት የአገራችንን ሥዕልና ቅርስ በቀለም ለተመራማሪዎች አቅርቧል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መዝጋቢው ያልጠየቀው ነገር አይመዘገብም። የጥለት መልክ ብቻ ከተያዘና የሚነሣው የክር ቁጥር፣ የሸማኔው ስምና ፈቃድ ካልተያዘ፣ መዝገቡ ለቀጂው እንጂ ለባለሙያው አይጠቅምም።

ይህ ሥራ በቡሬ ቀላል አይሆንም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በዐማራ ክልል ግጭት ከተነሣ በኋላ የኢንተርኔት አገልግሎት ለወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ የሚታወስ ነው። ስለዚህ ለጎጃም ሸማኔ የሚታሰብ ማንኛውም ዲጂታል ሥራ፣ መረቡ ሲቋረጥ የሚቆም ሳይሆን በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ደብተርና በአንድ መርፌ የሚቀጥል ሊሆን ይገባዋል። የባሕር ዳሩ ኢንስቲትዩትም ሆነ በየቦታው ያሉ የንድፍ ባለሙያዎች ከዚህ ሊጀምሩ ይችላሉ፤ ይኸውም ከሸማኔው ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ ቁጥሩን ከራሱ አፍ በመጻፍ፣ ስሙንም ከቁጥሩ በላይ በማስፈር ነው።

በምዕራብ ጎጃም አንዲት እናት አሮጌ ሹራብ ስትተረትር ክሩን በጥድፊያ አትጎትትም፤ ከተበጠሰ ለሌላ ሥራ አይሆንምና። ጫፉን ፈልጋ፣ በቀስታ እየሳበች፣ በልቃቂት ትጠቀልለዋለች። አሮጌውን ጨርቅና አዲሱን ማሽን ለማጋባት ለተነሣ ባለሙያም መጀመሪያ የሚያሻው ይኸው ትዕግሥት ነው።